ለ20ኛ ዓመታችን ስለ ራሴ ምን ልጻፍ?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። በ1998 ዓ.ም ከስድስት ኪሎ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ዕድሜዬ 42 ነው። ሐምሌ ላይ 20ኛ ዓመታችንን ልናከብር ነው። አስተባባሪዎቹ መጽሔት እያዘጋጁ ስለሆነ ሁላችንም ስለ ሥራችንና ስለ ቤተሰባችን ግማሽ ገጽ ጽፈን ከፎቶ ጋር እንድንልክ ጠይቀዋል። በቴሌግራም ግሩፓችን ከአሁኑ መለጠፍ ተጀምሯል። አንዱ የባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት ነው። አንዷ ዱባይ የራሷ ድርጅት አላት። ዶርም አብራኝ የኖረችው ልጅ ሜሪላንድ ቤት ገዝታለች፤ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር በሩ ላይ የተነሱትን ፎቶ ልካለች።

እኔ ባንክ ብድር ክፍል 9 ዓመት ሠራሁ። በ2007 ለቅቄ ከባለቤቴ ጋር የጽሕፈት መሣሪያ ማስመጣት ጀመርን። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። በኋላ ዶላር ጠፋ፣ ዕዳ መጣ፣ በ2013 ዘጋነው። በዓመቱ ተፋታን። ዛሬ አንድ ድርጅት ውስጥ ሲኒየር አካውንታንት ነኝ። ከ11 ዓመት ልጄና ከታመመች እናቴ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። ባንክ ሳለሁ እኔ ያሠለጠንኳት ልጅ አሁን ዳይሬክተር ናት።

አንዲት ጓደኛዬ ‹የፋይናንስ አማካሪ ነኝ በይ፣ ፎቶውንም የድሮውን የቤተሰብ ፎቶ ላኪ› ትለኛለች። አንዳንዴ ከግሩፑ ወጥቼ ልገላገል እላለሁ። መዋጮው ደግሞ 15,000 ብር ነው፤ ለእኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የሜሪላንዷ ጓደኛዬ ደጋግማ ትደውላለች፣ አላነሳም። ምን ልጻፍ? ልሂድስ ወይ?»

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣

መልሱን አላዘገይብሽም። ግማሽ ገጹን ጻፊ፣ እውነቱንም ጻፊ። ከዚያ በፊት ግን ለሜሪላንዷ ጓደኛሽ ደውዪላት።

ደብዳቤሽን ሳነብ ከድርጅቱ መዘጋትም ከፍቺውም በላይ ያሳሰበኝ «አላነሳም» ያልሽው ነው። ዶርም አብራሽ የኖረች ልጅ ናት። ለፈተና ስታነቡ አብራችሁ ያመሻችሁ፣ ከቤት የሚላከው ብር ሲያልቅባችሁ ያለውን የተካፈላችሁ ትመስሉኛላችሁ። ቤት መግዛቷን ልትነግርሽ ብቻ ቢሆን ደጋግማ አትደውልም ነበር። ያንን ግሩፑ ላይ ለጥፋዋለች፣ ሁሉም አይቶታል፣ አልቋል። የምትደውለው አንቺን ፈልጋ ነው። ስልኩ ሳይነሳ በቀረ ቁጥር ደግሞ እሷም የራሷን ነገር ማሰቧ አይቀርም። «ተቀይማኛለች» ትል ይሆናል። «ከሄድኩ በኋላ ረሳችኝ» ትል ይሆናል። አፍረሽ መሆኑን ከየት ታውቃለች?

አሁን ያንቺን ሃያ ዓመት ከነሱ ሃያ ዓመት ጎን እያቆምሽ ስለምትለኪው ነገር እናውራ። «ያሠለጠንኳት ልጅ ዳይሬክተር ናት» ያልሽው ውስጥሽን እየበላሽ እንደሆነ ይታያል። ስለዚህ ነገሩን በዓመት በዓመቱ እንየው።

የግል ባንክ በአገራችን የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም ነው። አዋሽ በ1987 ተቋቋመ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። አንቺ በ1998 ስትመረቂ የግል ባንኮቹ አሥር አይሞሉም ነበር። ከዚያ በኋላ እነ ዘመን፣ ቡና፣ ብርሃን፣ አባይ፣ እናት መጡ። አዲስ ባንክ ሲከፈት ልምድ ያለውን ሰው የሚያገኘው ከነባሮቹ ነው። ነባሮቹ ደግሞ የሄደባቸውን ሰው ቦታ ከታች ባለው ይሞላሉ። ቅርንጫፍ በየሰፈሩና በየክልል ከተማው ሲከፈት ለእያንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ ያስፈልገዋል። በዚያ ጊዜ ባንክ ውስጥ ሆኖ በርትቶ የሠራ ሰው ቶሎ ቶሎ አደገ። ይህን የምልሽ የምክትል ፕሬዚዳንቱን ልፋት ላሳንስ ብዬ አይደለም። ሠርቶበታል። ያሠለጠንሻት ልጅም ሠርታበታለች። ሥራውን ካንቺ መማሯ ደግሞ ያንቺም የሥራ ታሪክ ነው፤ ለምን እንደ ሽንፈት ትቆጥሪዋለሽ? ግሩፑ ውስጥ ካለች እንኳን ደስ አለሽ በያት። ያን ስትዪ የሚቀልሽ ነገር እንዳለ አምናለሁ።

አንቺ ደግሞ በ2007 ወጥተሽ አስመጪ ሆንሽ። ምን ዓይነት ጊዜ ላይ እንደገባሽበት አስቢ። በጥቅምት 2010 ብር በአንድ ጊዜ በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ። ኤልሲ (ከውጭ ዕቃ ለማስመጣት ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ለመክፈት ወረፋው ወራት ይፈጅ ጀመር። መጋቢት 2012 ላይ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ደብተርና እስክሪብቶ ማን ይገዛል? መጋዘን የተቀመጠ ዕቃ፣ የሚቆጥር ወለድ፣ የሱቅ ኪራይ... ይህን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በ2013 መዝጋታችሁ ስንፍና አይደለም። እንዲያውም ሌላም ነገር ልጨምርልሽ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እስከዚያ ቆይተሽ የውጭ ዕዳ በእጅሽ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይገጥምሽ እንደነበር ቁጭ ብለሽ አስይው። በጊዜው መዝጋትሽ ልጅሽንም እናትሽንም አትርፏቸው ሊሆን ይችላል።

እናንተ አንድ ቀን ጋዋን ለብሳችኋል። ከዚያ ወዲያ ግን የገባችሁበት ዘርፍ፣ የወጣችሁበት ዓመት፣ የሄዳችሁበት አገር አንድ አይደለም። ግማሽ ገጽ ላይ ማዕረጉና የልጆቹ ቁጥር እንጂ ይህ ሁሉ አይጻፍም።

የሜሪላንዱም ፎቶ እንደዚያው ነው። ጓደኛሽ እንዴት እንደደረሰች አላውቅም፣ የማውቀው አጠቃላዩን ነው። ከአዲስ አበባ የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዘው ዋሽንግተን አካባቢ የገቡ ብዙ ልጆች የመጀመሪያ ሥራቸው ፓርኪንግ ነበር። ዲግሪውን አስገምግሞ፣ የጎደለውን ኮርስ ወስዶ፣ ሲፒኤ የሚባለውን የአሜሪካ የሒሳብ ባለሙያነት ፈተና ተፈትኖ በሙያው ለመሥራት ዓመታት የፈጀበት አለ። ጭራሽ ያልተመለሰበትም አለ። ቤቱ ብዙውን ጊዜ በ30 ዓመት የሚከፈል የባንክ ዕዳ አለበት። ልጅ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ባል ሲገባ ሚስት ትወጣለች፣ በደንብ የሚተያዩት በዕረፍት ቀን ነው። ይህን የነገርኩሽ በእነሱ ድካም እንድትጽናኚ አይደለም። በሰው ድካም መጽናናት ደስ አይለኝም፣ ላንቺም አይበጅሽም። ልነግርሽ የፈለግሁት በሩ ላይ የተነሱት ፎቶ ያላሳየው ብዙ ነገር እንዳለ ነው። እሷም ምናልባት ለአንድ ሰው ልትነግረው ትፈልጋለች። ያ ሰው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ ስልኩን ካነሳሽ።

ወደ «የፋይናንስ አማካሪ» ልምጣ። ጓደኛሽ ለክብርሽ ተቆርቁራ እንደመከረችሽ ይገባኛል። ግን አትስሚያት። መጽሔቱን የሚያነቡት እነማን ናቸው? የባንክ ሰዎች፣ ኦዲተሮች፣ ነጋዴዎች። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። መጽሔቱ በወጣ በሳምንቱ አንዱ «ቢሮሽ የት ነው? የሚሠራ ሒሳብ ነበረኝ» ብሎ ይደውልልሻል። ያኔ ምን ትይዋለሽ? ወይ ሌላ ውሸት ትጨምሪያለሽ፣ ወይ የእሱንም ስልክ አታነሺም። እስካሁን የማታነሺው የአንድ ሰው ስልክ ነው። እንዳይበዛብሽ።

የድሮው የቤተሰብ ፎቶ ደግሞ ይብሳል። ልጅሽ 11 ዓመቷ ነው። መጽሔቱ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ታገኘዋለች፣ ታነበዋለች፣ አባቷ ከእናንተ ጋር ቆሞ ታያለች። እናቴ በእኛ ኑሮ ታፍራለች ብላ ትረዳዋለች። ያንን ከልጅ ልብ ማውጣት እንዴት ከባድ እንደሆነ አስቢ።

ፍቺውን የመተረክ ግዴታ የለብሽም። ማን እንዳጠፋ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ዕዳው እንዴት እንደተከፈለ ገመናሽ ነው፤ ይሸፈን። «ከልጄና ከእናቴ ጋር እኖራለሁ» ካልሽ ቤተሰብሽን ተናግረሻል። ምንም የጎደለ ነገር የለውም። የታመመች እናት ማስታመም ትልቅ ሥራ መሆኑን ያስታመመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከባቹ መካከልም አሁን በየቤቱ የሚያስታምም ብዙ አለ። በዚህ ዕድሜ የሁላችሁም ወላጆች አርጅተዋል።

እንዲህ ብትጽፊ ምን ይመስልሻል?

«ከተመረቅን በኋላ 9 ዓመት ባንክ ብድር ክፍል ሠራሁ። በ2007 ለቅቄ የጽሕፈት መሣሪያ ማስመጣት ጀመርን። ስድስት ዓመት ሠርተን የዶላር እጥረቱና ኮቪድ ሲደራረቡብን በ2013 ዘጋነው። አሁን በአንድ የግል ድርጅት ሲኒየር አካውንታንት ነኝ። አዲስ አበባ ከ11 ዓመት ልጄና ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የብድር ፋይል ወይም የኤልሲ ሰነድ ግራ ያጋባው ሰው ካለ ይደውልልኝ፤ ከባንኩም ከነጋዴውም ወገን ሆኜ ሠርቼበታለሁ። ወደ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) ሥራ መግባት ስለምፈልግ በዚያ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ላግኛችሁ። ዶርም አብረን የነበርን ልጆች፣ ናፍቃችሁኛል።»

ይኸው ነው። አጭር ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ የሚካድም ነገር የለውም። በራስሽ ቃል አስተካክዪው።

በተለይ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሦስት ነገሮች እንዳታወጫቸው። አንዱ ለሰው የምትሰጪው ነው። ሁለተኛው ከሰው የምትፈልጊው ነው። ሦስተኛው ሰላምታ ነው። ሰዎች እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሲጽፉ የደረሱበትን ቆጥረው ያቆማሉ። አንባቢው «ጎሽ» ብሎ ያልፋል። «ይህን አውቃለሁ፣ ይህን እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ግን ስልክ ይደወልለታል። የአንድ ባች ልጆች በየቦታው ተበትነው ሲሠሩ ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው።

አይኤፍአርኤስን ያነሳሁት ዝም ብዬ አይደለም። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ጀምሮ ድርጅቶች በየተራ ወደዚህ አሠራር እንዲገቡ ተደርጓል። ባንኮችና ኢንሹራንሶች ቀድመው ገቡ፣ ሌሎች እየተከተሉ ነው። በታኅሣሥ 2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ። በጥር 2017 ደግሞ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሥራ ጀመረ። አክሲዮኑን እዚያ መሸጥ የሚፈልግ ድርጅት ሒሳቡ ጥርት ያለ መሆን አለበት። አንቺ ብድር ለመስጠት የሰው ሒሳብ መርምረሻል፣ ራስሽም ብድር ወስደሽ ነግደሻል፣ አሁን ደግሞ ሒሳብ ትሠሪያለሽ። ሦስቱንም በእጁ የነካ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። 42 ዓመት ለዚህ አልመሸም። አጠር ያለ ሥልጠና ወስደሽ ሥራው ላይ ካለ ሰው ሥር ብትገቢ መንገዱ ክፍት ነው።

ምክትል ፕሬዚዳንቱን «ሥራ ስጠኝ» ማለት ይከብድሻል። ይገባኛል፣ እኔንም ይከብደኛል። «በአይኤፍአርኤስ ጎበዝ የምትሉት ማን ነው? ስልኩን ላክልኝ» ማለት ግን አይከብድም። የጠየቅሽው አንድ ስልክ ቁጥር ነው። እሱም ደስ ብሎት ይልከዋል፣ ምክንያቱም አብሮሽ የተማረ ሰው ነው።

አሁን መዋጮው። 15,000 ብር ለብዙ ደመወዝተኛ ከባድ ነው። ዝም ብለሽ «አይመቸኝም» ብለሽ ከቀረሽ የምትቀሪው በገንዘብ ምክንያት መሆኑን ማንም አያውቅም፤ ኮራች ይሉሻል። ገንዘብ የሚሰበስበውን ሰው ለብቻው በውስጥ መስመር አናግሪው። «ሙሉውን አልችልም፣ ይህን ያህል እችላለሁ፤ የመጽሔቱን ጽሑፎች በማሰባሰብ ልርዳ» በይው። እንዲህ የሚለው ሰው አንቺ ብቻ እንደማትሆኚ እገምታለሁ።

አስተባባሪዎቹ ይህን ዓምድ ካነበባችሁ ለእናንተም አንድ ነገር ልበል። በምርጫ 97 ማግስት የተመረቀ፣ ኮቪድና ጦርነት ያለፈበት ባች ነው የምትሰበስቡት። «ሥራና ቤተሰብ» ብላችሁ ብቻ ስትጠይቁ ሥራ የፈታው፣ ያላገባው፣ ልጅ ያልወለደው፣ የተፋታው፣ የታመመው ሰው ምን ብሎ ይጻፍ? አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ለምሳሌ «ከባቹ የረዳህ ሰው ማን ነው? በምን?» በሉ። ለዚህ ሁሉም ሰው መልስ አለው። ያረፉ ልጆች ካሉ ለእነሱ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡ፤ ፎቶአቸውን ከቤተሰቦቻቸው ለምኑ። መዋጮውንም እንደየአቅም አድርጉት፣ ማን ስንት እንደከፈለ ግሩፑ ላይ አትለጥፉ። አዳራሹ የግድ ሆቴል መሆን አለበት? ስድስት ኪሎ አካባቢ ምሳ በልታችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ ከሰዓቱን ብታሳልፉ ብዙ ሰው ይመጣል። የወጪው ነገር ሰውን ካስቀረ እኮ ዝግጅቱ ለማን ነው?

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። ልሂድ ወይ ላልሽው፣ ሂጂ እላለሁ። እናትሽን ለዚያ ቀን የሚጠብቅልሽ ሰው ካሁኑ ፈልጊ፤ ሰበብ እንዳይሆንብሽ። ሰዎች እንደሚጠይቁሽ ግን እወቂ። «ባልሽስ?» የምትል አትጠፋም። «ተለያይተናል፣ ደህና ነን። ያንቺ ልጆችስ ስንተኛ ክፍል ደረሱ?» በያት። እንዲህ ስትዪ ወሬው ወደ ልጆቿ ይዞራል። «ውይ! ለምን ሌላ አታገቢም?» የምትልም ትኖራለች። «እሱ እንዳለ ይሆናል» ብለሽ እለፊያት፣ ማብራሪያ አትስጫት፣ አትጣያት። ከሁሉም ጋር ማውራት የለብሽም። ከምትወጃቸው ሁለት ሦስት ሰዎች አጠገብ ተቀመጪ። ቢደክምሽ በጊዜ ተነስተሽ ውጪ።

ሄደሽ አንድ ሰው ንቆ ቢያይሽስ? ሊሆን ይችላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያላደገ ሰው ከየባቹ አይጠፋም። የእሱ ዓይን ግን ዶርም አብረውሽ ከኖሩት ልጆች ሊያርቅሽ አይገባም። አንቺን ከማዕረግሽ በፊት፣ ከትዳርሽ በፊት፣ ከዕዳሽ በፊት የሚያውቁሽ እነዚህ ናቸው። ከቤተሰብ ውጪ እንዲህ የሚያውቅሽ ሌላ ሰው ብዙ የለም። ለዚህ ነው ግሩፑን ለቅቀሽ እንዳትወጪ አጥብቄ የምለምንሽ። መለጠፉ ከበዛብሽ ድምፁን ዝጊው፣ በሳምንት አንዴ እዪው።

የመጨረሻው ስለ ስልኩ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ደውዪላት። እነሱ ጋ ያኔ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሥራ ላይ ከሆነች «ሲመችሽ ደውዪልኝ» ብለሽ ድምፅ ተዪላት፣ ይህን ጊዜ ግን አንሺው። «ለምን አታነሺም ነበር?» ካለችሽ ሰበብ አትደርድሪ። «አፍሬ ነው» በያት። ከዚያ የሆነውን ንገሪያት፣ የእሷንም ጠይቂያት። የጻፍሽውን ግማሽ ገጽ መጀመሪያ ለእሷ አንብቢላትና የምታስተካክለው ነገር ካላት ስሚያት።

ለመጽሔቱ የምትልኪው ፎቶ ከልጅሽ ጋር አሁን የተነሳችሁት ይሁን። ልጅሽን አስቀድመሽ ጠይቂያት። ካልፈለገች ያንቺ ብቻ ይበቃል።